ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ልኬት

አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማተቡን መያዝ ነው። «ላውልቀው እንዴ?» ይሉኛል። «አያስፈልግም፣ ወደ ጎን ገፋ ያድርጉልኝ ብቻ» እላለሁ። ሙስሊም እናቶች ሲመጡ በሩን ቆልፌ መጋረጃውን እስባለሁ። ሻርፓቸውን በራሳቸው ጊዜ ላላ ያደርጋሉ። ወንዶቹ የሸሚዛቸውን ሁለት ቁልፍ ይፈታሉ። አንገት እንዲሁ ለማንም የሚሰጥ ነገር አይደለም። ለዚህ ነው የአልትራሳውንዱን ጄል ሙቅ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ የማቆየው። ቀዝቃዛ ጄል አንገቱ ላይ ሲያርፍበት ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው አንገቱን ያጠነክራል። ያኔ ምስሉ ይበላሻል።

ራዲዮግራፈር ነኝ። የምሠራበት ክፍል ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ወደ ለገሃር የሚወስደው መንገድ ይታያል። ወደዚህ ክፍል የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ታመው አይደለም። የጥናት ተሳታፊዎች ናቸው። ከቂርቆስ፣ ከልደታ፣ ከአራዳ ፈቅደው የመጡ የመሀል ከተማ ሰዎች። ደማቸው ይወሰዳል፣ ግፊታቸው ይለካል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይላካሉ። የእኔ ድርሻ አንገታቸው ውስጥ ያለውን ትልቁን ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ካሮቲድ የሚባለውን፣ በአልትራሳውንድ አይቶ የግድግዳውን ውፍረት መለካት ነው።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንዲት እናት ነው። ግን ሥራውን መጀመሪያ ካላስረዳሁ ያጠፋሁት ጥፋት አይገባችሁም።

ካሮቲድ በግራም በቀኝም አለ። ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ ጎን ብታሳርፉ ትርታው ይሰማችኋል። (በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ሁለቱን በአንዴ መጫን ልክ አይደለም።) ወደ አንጎል ከሚሄደው ደም አብዛኛው የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ቧንቧው ሽቅብ ሲወጣ፣ መንጋጋ ሥር ሳይደርስ፣ መንታ ይሆናል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አንጎል ይገባል፣ ሌላው ፊታችንን ይመግባል። መንታ የሚሆንበት ቦታ ላይ ሰፋ ይላል። እኛ ባልብ እንለዋለን። የደሙ አካሄድ እዚያ ስለሚረበሽ ስብ መከማቸት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በዚሁ አካባቢ ነው።

ለምን አንገት? ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች ቀጫጭን ናቸው፣ ደረት ውስጥ ተደብቀዋል፣ ከልብ ጋር አብረው ይዘላሉ። ካሮቲድ ግን ወፍራም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። ደግሞ የደም ቅዳ ቧንቧ መጎዳት አንድ ቦታ ብቻ አይቀርም። አንገቱ ላይ ግድግዳው የወፈረበት ሰው ልቡም ጋ ያው ነገር የመኖር ዕድሉ ከፍ ይላል።

ማሽኑ የሚሠራው በገደል ማሚቶ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ብትጣራ ድምፅህ ይመለሳል። ገደሉ ሩቅ ከሆነ ቆይቶ ይመለሳል። በእጄ የያዝኩት ፕሮብም ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይጠብቃል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። የእኔ ፕሮብ በሰከንድ ከ7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያርገበግበዋል። ድምፁ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማሽኑ ማሚቶው ሲመለስ የቆየበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ጨረር የሚባል ነገር የለበትም። ይህን በቀን አሥር ጊዜ እናገራለሁ፣ አይሰለቸኝም።

ምስሉ ልክ ሲመጣ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። ጎን ለጎን፣ በመሃላቸው ጥቁር ክፍተት። እነዚያን መስመሮች ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል። በ1986 እ.ኤ.አ. ፓውሎ ፒኞሊ የተባለ ጣሊያናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ሚላን ውስጥ ያሳየው ነገር ይህ ነው። ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ የደም ቅዳ ቧንቧ በአልትራሳውንድ ለኩ፣ ከዚያ ያንኑ በማይክሮስኮፕ ለኩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ኢንቲማና ሚዲያ የሚባሉት ሁለቱ የውስጥ ሽፋኖች ተደምረው ካላቸው ውፍረት ጋር ገጠመ። ቢላ ሳይነካው፣ ሰውየው በሕይወት ተኝቶ እያወራ፣ የደም ሥሩን ግድግዳ መለካት ተቻለ ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

ውፍረቱ ግን ስንት ነው? ብዙ ጎልማሳ ሰው ላይ ከ0.5 እስከ 0.9 ሚሊሜትር። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እኔ የምለካው ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያነሰ ነገር ነው። ያውም የእሷን አንድ አሥረኛ ልዩነት ፍለጋ።

ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ተሳታፊው በጀርባው ይተኛል፣ ፊቱን ወደ ሌላ ጎን ዞር ያደርጋል። ከፕሮቡ ራቅ ያለው ግድግዳ ነው የሚለካው፣ ቅርቡ ላይ መስመሩ ጥርት ብሎ አይወጣም። ከባልብ በፊት ያለው አንድ ሴንቲሜትር። ልብ ደም ሲረጭ ቧንቧው ይለጠጥና ግድግዳው ይሳሳል፣ ስለዚህ ምስሉ የሚያዘው ልብ ልትመታ ስትል ነው። ለዚህ ደረታቸው ላይ የልብ ምትን የሚያሳይ የኢሲጂ ሽቦ እናደርጋለን። «አሁን ምራቅዎን አይዋጡ» እላለሁ። ፍሪዝ።

እንቅርት ያለባቸው እናቶች ሲመጡ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። እንቅርቱ ቧንቧውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ እኔም ፕሮቡን ከአንገታቸው ጎን፣ ወደ ኋላ ጠጋ አድርጌ አመጣዋለሁ። የቡናውም ነገር አለ። ለደም ምርመራው ሲባል ሳይበሉ ሳይጠጡ ነው የሚመጡት። ጠዋት ቡና ያልጠጣች የአዲስ አበባ እናት ራሷን እየያዘች ስትተኛ ያሳዝነኛል። ደሟ እንደተወሰደ ምስሏን ቶሎ አንስቼ እሸኛታለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔና ሌላዋ ለኪ እነዚያኑ ሰዎች ለየብቻ እንለካ ነበር። ውጤታችን ተነጻጸረ። የእኔ ሁልጊዜ ከእሷ ወፈር ይላል። አንድ ሁለት ሰው ላይ ቢሆን ምንም አይደለም። የእኔ ግን ሁሉም ላይ ነው። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ባልቡ የሚጀምርበትን ቦታ አሳስቼ ኖሯል። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ ወጥቼ እለካ ነበር፣ ግድግዳው ደግሞ እዚያ በተፈጥሮው ይወፍራል። የለካኋቸው ሰዎች እንደገና ተጠሩ። አንድ የታክሲ ሹፌር የግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ ነው ዳግመኛ የመጣው። «ይሁን፣ ልክ ሁኑ ብቻ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልቡን ሳልፈልግ አንድም ምስል አላነሳሁም።

አሁን ወደ እናትየዋ።

በ2013 ዓ.ም. ነው መጀመሪያ የመጡት። የካዛንቺስ ነዋሪ ነበሩ፣ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት። አንገታቸው ላይ ዙሪያውን የሚዞር ንቅሳት አላቸው፣ በልጅነታቸው የተነቀሱት። «ማሽኑን አያበላሽብሽም?» ብለው ጠየቁኝ። አያበላሽም አልኳቸው። ግፊት አለባቸው፣ በቀን አንድ ኪኒን ይወስዳሉ። ለካኋቸው። 0.78። ስብ የተከማቸበት ግግር፣ ፕላክ የምንለው፣ በሁለቱም ጎን የለም። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። የራሳቸውን የደም ሥር ሲመታ አዩ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቁኝ።

«ታዲያ ደህና ነኝ ወይ፣ ልጄ?»

«ንጹሕ ነው እማማ። ምንም የለውም» አልኳቸው።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። የቧንቧው ግድግዳ ንጹሕ ነበር። መልሱ ግን የጥያቄው መልስ አልነበረም። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው ነው፣ እኔ የመለስኩት ስለ አንድ ሴንቲሜትር ግድግዳ።

ጥናቱ ተሳታፊዎቹን ከአራት ዓመት በኋላ መልሶ ይለካል። በመሃሉ ከተማው ተቀየረ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ከተሳታፊዎቻችን ጥቂት የማይባሉት አብረው ሄዱ። በዚህ ዓይነት ጥናት ሰው መጥፋት ከባድ ነው። አዲስ ሰው ብትተካበት ያለፉት አራት ዓመታት አይመለሱም። ያው ሰው፣ ያው አንገት፣ ያው ቦታ መሆን አለበት። ስለዚህ ስልክ መደወል ሥራችን ሆነ። የማይሠራ ቁጥር፣ ልጅ የሚያነሳው ቁጥር፣ ጎረቤት የሚያነሳው ቁጥር። እናትየዋ የተገኙት በልጃቸው ስልክ ነው። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ግንቦት ላይ፣ በዝናብ መጡ።

ነርሷ ግፊታቸውን ለካች። 178 በ104። አምስት ደቂቃ አሳርፋ ደገመችው። 176 በ102።

«መድኃኒትዎን ዛሬ አልወሰዱም?» አልኳቸው፣ በጾም ስለመጡ ነው ብዬ።

«ኧረ እሱንማ ከተውኩት ቆየሁ» አሉኝ። ፈገግ ብለው። «አንቺው አይደለሽ ንጹሕ ነው ያልሽኝ?»

ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ሞክሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። እግሬ ከዳኝ ብል ይቀላል። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም፣ ምልክት አይሰጥም። ስትሮክን ከሚያመጡ ነገሮች ደግሞ ትልቁ እሱ ነው። እሳቸው መድኃኒት ሳይወስዱ የኖሩት በአንዲት ቃሌ ተማምነው ነው። እሳቸውን የጠበቃቸው እግዚአብሔር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ማወቅ የነበረብኝን ነገር አውቀው ነበር፣ ይህ ነው የሚቆጨኝ። ይህ ልኬት በጥናት ውስጥ ያለውን ቦታ ተምሬዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15,792 ሰዎችን የተከታተለ አሪክ የሚባል ጥናት አለ። ሆላንድ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሮተርዳም ጥናት አለ። የእነዚህና የሌሎች ውጤት በ2007 እ.ኤ.አ. ተደምሮ ሲታይ፣ 37,197 ሰዎች ላይ ማለት ነው፣ የ0.1 ሚሊሜትር ልዩነት ከሃርት አታክ አደጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ከስትሮክ አደጋ ደግሞ ከ13 እስከ 18 በመቶ መጨመር ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሺህዎች ነገር ነው ግን።

በአንድ ሰው ላይ ሲሆንስ? የሰው ግድግዳ በዓመት የሚጨምረው በአማካይ 0.01 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእኔ እጅ ዛሬና ነገ ያንኑ ሰው ቢለካ ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ወደ 37,000 ሰዎችን አየ። የውፍረቱ መጠን ራሱ ከበሽታ ጋር ተያያዘ፣ በአንድ ሰው ላይ በሁለት ልኬት መካከል የታየው ለውጥ ግን አልተያያዘም። ለውጡ በልኬቱ ስህተት ውስጥ ይሰምጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ይህ ልኬት የአንድን ሰው አደጋ ለመገመት ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲሁ እንዳይሠራበት መከረ። በሌላ በኩል በ2020 እ.ኤ.አ. የ119 የመድኃኒት ሙከራዎች ውጤት፣ ከ100,000 በላይ ሰዎች፣ አንድ ላይ ሲደመር የግድግዳውን መወፈር ያዘገዩ ሕክምናዎች የልብና የደም ሥር በሽታንም ቀንሰው ተገኙ። በብዙ ሰው ሲደመር የእጃችን ስህተት እየተጣፋ ይሄዳል፣ እውነቱ ይወጣል። ለዚህ ነው ሥራዬን የምወደው። ለዚህ ነው «ንጹሕ ነው» ማለት ያልነበረብኝ።

ከአፍሪካም ቁጥር እየመጣ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያ፣ ጋና እና ቡርኪና ፋሶ ውስጥ አዊ ጄን በተባለው ጥናት የሺዎች አንገት ተለክቷል። ለእኛ ሰው የሚሆን ማነጻጸሪያ የሚገኘው እንዲህ ነው፣ አንድ አንድ አንገት እየተለካ። የሚላን ወይም የሮተርዳም ሰው መጠን ለካዛንቺስ ሰው ልክ ይሁን አይሁን ሳይለካ አይታወቅም።

እናትየዋን የዚያን ዕለት ወደ ሐኪሙ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። እሳቸው ተቆጡ። በጥፋቴ ሳይሆን ራሴን ስለወቀስኩ። «እሷ ምን አደረገች? ደስ እንዲለኝ ብላ ነው» አሉ። መድኃኒቱ እንደገና ታዘዘላቸው፣ በአዲሱ ሰፈራቸው ያለ ጤና ጣቢያ እንዲከታተሉ ተጻፈላቸው። ከዚያ ተመልሰን አልጋው ላይ ተኙ። ማተባቸውን ያዙ። የ2013 ዓ.ም. ምስላቸውን አጠገቡ ከፈትኩ፣ ባልቡን ፈለግኩ፣ ያንኑ ቦታ አገኘሁ። ፍሪዝ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ። 0.81 አልኳቸው፣ ያኔ 0.78 ነበር። «ጨመረ?» «ከእርስዎ ደም ሥር ይሁን ከእኔ እጅ መለየት አልችልም እማማ። ይሄ ቁጥር እርስዎን ደህና ነዎት ወይም አይደሉም አይልም። የብዙ ሰው ቁጥር ሲሰበሰብ ነው የሚናገረው። ስለ እርስዎ የሚናገረው ነርሷ የለካችው ግፊት ነው።»

ዝም ብለው ሰሙኝ። «ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ያለ ቁጣ። ያ ቃል ከቁጣ ይልቅ ቆይቶብኛል።

አሁን ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የምናገረው አለኝ። ጄሉን ሳልቀባ በፊት ነው የምናገረው። ስክሪኑን ካዩ በኋላ ማንም አይሰማም፣ ሁሉም የራሱን የደም ሥር ነው የሚያየው። «ይህ ለጥናት ነው። ጥሩ ቢመስልም መጥፎ ቢመስልም መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ አይጨምሩ። ለሐኪም የሚያስፈልግ ነገር ካየሁ እነግርዎታለሁ፣ ሐኪሙ ጋም እወስድዎታለሁ።» ከዚያ «ምን አልኩዎት?» ብዬ በራሳቸው አፍ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል። አንዳንዱ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደነበር ያኔ ይነግረኛል። ባልጠይቅ ኖሮ ማንም አይነግረኝም ነበር።

የጥናቱ መሪዎችም ተስማምተው የስምምነት ቅጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል። በደማቁ ተጽፏል።

እናትየዋ ሲሄዱ ግፊታቸው የሚጻፍበት ወረቀት ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። በየወሩ እደውላለሁ። ባለፈው ሳምንት ስደውል የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ወረቀቱን አስነበቡልኝ። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። 138 በ84። እሳቸው ከኋላ ሆነው «መድኃኒቴንም ወስጃለሁ በላት» ይላሉ። ስለ አንገታቸው አልጠየቁኝም።